የጆን ስቶሰል ጥፋት አቋሙ አልነበረም

አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆን ስቶሰል በተነሳ ቁጥር ከተቺዎቹ የሚሰማው ፍርድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በወጣትነቱ አጭበርባሪ ነጋዴን የሚያጋልጥ ጎበዝ ዘጋቢ ነበር፤ በኋላ ግን የነፃ ገበያ ሰባኪ ሆነ፤ ዜና በሚነገርበት ጣቢያ የራሱን እምነት ሲያስተላልፍ ኖረ፤ በመጨረሻ በ2009 ኤቢሲን ለቆ ወደ ፎክስ ሲሄድ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ዜናው ለዜና ጣቢያ፣ ስብከቱም ለሰባኪዎች ቀረ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ፍርድ ከመለመዱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው እንኳ የለም።

እኔ አልቀበለውም። የሰውየውን አስተምህሮ ስለምጋራ አይደለም፤ በአንዳንድ ጉዳዮች፣ በተለይም በኋላ በማነሳው በሲቪል መብቶች ሕግ ጉዳይ፣ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ፍርዱን የማልቀበለው ክሱ የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ስቶሰል ጥፋት አለበት፤ ጥፋቱ ግን አቋም መያዙ አልነበረም። ክሱ ስለተሳሳተ መፍትሔ ተብሎ የተወደሰውም ነገር ተሳሳተ፤ በዚህም የተጎዳው ስቶሰል ሳይሆን ተመልካቹ ነው።

ስቶሰል በ1947 በቺካጎ አጠገብ ከጀርመን ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጥንቶ በ1969 ተመረቀ። ሥራ የጀመረው በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከካሜራ ጀርባ መረጃ በማሰባሰብ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አንደበቱ ይይዘው፣ ይንተባተብ ነበርና ካሜራ ፊት መቆም ለእሱ ቀላል አልነበረም፤ ቨርጂኒያ በሚገኝ ማዕከል ሕክምና ተከታትሎ ነው የተሻለው። ከዚያ ኒውዮርክ ሄዶ በደብሊው ሲቢኤስ የሸማቾች ጉዳይ ዘጋቢ ሆነ፤ በ1981 ኤቢሲ ገባ፤ «20/20» በተባለው ፕሮግራም ላይ ከዘጋቢነት እስከ ተባባሪ አቅራቢነት ደረሰ። በ1984 መጨረሻ ለአንድ ግዙፍ የነፃ ትግል ተጋጣሚ «ይህ ሁሉ የተቀነባበረ ይመስለኛል» ብሎ ፊት ለፊት ነገረውና ተጋጣሚው ጆሮ ግንዱን ሁለት ጊዜ አጮለው። ስቶሰል የትግል ድርጅቱን ከሰሰ፣ ጉዳዩ በ425,000 ዶላር ስምምነት አለቀ። ያኔ ማንም ወገንተኛ አላለውም። ሕዝብ የሚያውቀውን፣ ግን ማንም በካሜራ ፊት የማይጠይቀውን የጠየቀ ደፋር ተባለ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዘገባዎች አስተውለን እንመልከት። የ1970ዎቹ የሸማቾች ጋዜጠኝነት አቋም አልባ አልነበረም። የሸማቾች ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር በ1965 የመኪና ፋብሪካዎችን ካጋለጠ በኋላ የተነሳው እንቅስቃሴ ልጅ ነው። በ1972 የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚሁ መንፈስ ነው። እያንዳንዱ ዘገባ ሦስት ነገር አምኖ ይነሳል፦ ገዢ ደካማ ነው፣ ሻጭ ጉልበተኛ ነው፣ መንግሥት ካልገባበት ደካማው ይበላል። ይህ እምነት ነው። ብዙ ጊዜ ትክክል የሆነ እምነት ነው፤ ግን እምነት ነው። ስቶሰል ይህን ይዞ ሲሠራ ተሸለመ፤ በጠቅላላው 19 የኤሚ ሽልማት አለው፤ አብዛኛውን ያገኘሁት ነጋዴዎችን ሳጋልጥ በነበረበት ዘመን ነው ሲል በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ከዚያ ዓይኑን አዞረ። ነጋዴን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ራሱን መመርመር ጀመረ። ደንቡ በእርግጥ ሸማቹን ያድናል ወይስ ቀድሞ ገበያ የያዘውን ነጋዴ ከአዲስ ተፎካካሪ ይጠብቃል ብሎ ጠየቀ። በ1994 አሜሪካውያን ራሳቸውን በከንቱ እያስፈራሩ እንደሆነ የሚሞግት የአንድ ሰዓት ልዩ ፕሮግራም አቀረበ፤ ፍሬ ነገሩ ሕዝቡ ጥቂት ሰው የሚገድለውን ነገር እየፈራ ብዙ ሰው የሚገድለውን ይንቃል፣ ደንብ አውጪውም ይህንኑ ፍርሃት ይከተላል የሚል ነበር። በ1998 ስግብግብነት የሚሉት ነገር ለኅብረተሰብ ይጠቅማል ብሎ ተከራከረ። በ2006 የአሜሪካን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከቤልጅየም ጋር እያነጻጸረ ነቀፈ፤ የኒውዮርክ መምህራን ማኅበር አባላት ኤቢሲ ደጃፍ ሰልፍ ወጡበት።

በዚህ ጊዜ ነው ወገንተኛ የተባለው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ያያል፦ የተለወጠው አቋም መኖሩ ሳይሆን አቋሙ የሚያመለክተው አቅጣጫ ነው። መጀመሪያም አቋም ነበረው። አቋሙ የዜና ክፍሉ ባልደረቦች የሚጋሩት ስለነበር እንደ አቋም አልታየም፤ አየር እንደማይታይ ሁሉ። የማይጋሩትን ሲይዝ ግን ወዲያውኑ ታየ። ስለዚህ «ዜና ቦታ ላይ እምነቱን ሰበከ» የሚለው ክስ ቅን ከሆነ፣ በ1970ዎቹ ኤሚ በተሰጠው ጊዜም ሊነሳበት ይገባ ነበር። ያኔ ያላነሳው ሰው በኋላ ሲያነሳው የሚከስሰው ሌላ ነገር ነው።

ክሱን የሚያጠብቁት ሰዎች ገንዘብም ይጨምሩበታል። ስቶሰል በንግድ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ክፍያ እየተቀበለ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማንም ጋዜጠኛ ሊጠየቀው የሚገባ ነው። ነገር ግን ራሱን በገዛ እጁ ያጋለጠበትን ጉዳይም አብሮ ማንሳት ፍትሐዊ ይሆናል። በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ ላይ በ1980 የባህር ዳር ቤት ሠርቶ ነበር። ለቤቱ የጎርፍ አደጋ መድን የገባለት የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የግል መድን ድርጅት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያንን በሚያህል አነስተኛ ዋጋ አይገባም። አንድ ጊዜ ማዕበል ምድር ቤቱን ሲያጠፋው መንግሥት ከፈለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ባሕሩ ቤቱን ጠራርጎ ሲወስደው እንደገና ከፈለ። ስቶሰል ይህን በ2004 በስሙ ጽፎ አወጣው፤ እኔን የመሰለ ባለጸጋ ከድሃ ግብር ከፋይ ኪስ የባህር ዳር ቤት እየተሠራለት ነው፣ ሕጉም ይኸው ነው ብሎ ተከራከረ። አቋሙን የሚደብቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ተመልካቹ ይህ ሰው ከየት ተነስቶ እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ አውቆም ይመዝነው ነበር። አቋም የለኝም የሚለውን አቅራቢ ግን ምን ይዞ ይመዝነዋል?

ስቶሰል የሚያነሳው ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዴንቨር ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራት ሰዎች የታክሲ ድርጅት ለመክፈት ጠየቁ፤ ከአራቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበር። የኮሎራዶ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ከለከላቸው። ከ1947 ጀምሮ በዚያች ከተማ አንድም አዲስ የታክሲ ድርጅት አልተፈቀደም ነበር፤ አመልካቹ አዲስ ታክሲ እንደሚያስፈልግ ራሱ እንዲያስረዳ ይገደዳል፣ ነባሮቹ ድርጅቶች ደግሞ አያስፈልግም ብለው ይሟገታሉ። አራቱ ሰዎች ሊበርታሪያን በሆነ፣ ማለትም የመንግሥት ጣልቃ ገብነት እንዲቀንስ በሚሟገት የሕግ ተቋም ጠበቃነት ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጩኸቱ እየበረታ ሲመጣ የግዛቱ ምክር ቤት በ1994 ሕጉን አላላ፤ በ1995 «ፍሪደም ካብስ» ሥራ ጀመረ። ወደ ዋሽንግተን ብንመጣ፣ በ2011 የታክሲን ቁጥር በውድ ፈቃድ ለመገደብ ረቂቅ ሲቀርብ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ሾፌሮች ተቃወሙ። ኒውዮርክ በ1937 የጀመረችው እንዲህ ያለ ገደብ አንድ የታክሲ ፈቃድ ከሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲሸጥ እስከማድረግ መድረሱን ያውቃሉ። የዋሽንግተን የታክሲ ኮሚሽን ስብሰባ ላይ ካሜራ ይዞ የተገኘው፣ በኋላም ተይዞ የታሰረው ጋዜጠኛ «ሪዝን» ለተባለው የሊበርታሪያኖች መጽሔት የሚሠራ ነበር። የትልቆቹ ጣቢያዎች ካሜራ የት ነበር?

ይህን የማነሳው ሊበርታሪያኖች ትክክል ናቸው ለማለት አይደለም። በኋላ ኡበር ገብቶ ገደቡን ሲሰብረው እነዚያው ሾፌሮች ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን፤ ገደብ ማንሳት ሁልጊዜ ደካማውን አያነሳም። የማነሳው ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ማንን እንደሚጠብቅ መጠየቅ የሀብታም ነጋዴ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚነዳ ስደተኛ ጥያቄም ነው። ያንን ጥያቄ ከምሽቱ ዜና ጣቢያ አስወጥቶ ለአንድ ወገን ጣቢያ መስጠት የሾፌሩን ጉዳይ የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አደረገው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥፋት ልሂድ፤ ብከራከርለትም ልሸፋፍነው አልፈልግም።

በየካቲት 2000 ስቶሰል ስለ ኦርጋኒክ ምግብ ዘገባ አቀረበ። ኤቢሲ ያስመረመረው አትክልት፣ ኦርጋኒኩም ተራውም፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አልተገኘበትም፣ ስለዚህ ለኦርጋኒክ ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉት በከንቱ ነው አለ። እውነቱ ግን አትክልቱ ለፀረ ተባይ ኬሚካል ጭራሽ አልተመረመረም። ተመራማሪዎቹ አትክልቱን የመረመሩት ለባክቴሪያ ነበር፤ የኬሚካል ምርመራ የተደረገለት ዶሮ ነው። ያልተደረገ ምርመራ ውጤት ለሚሊዮኖች ተነገረ ማለት ነው። «ኢንቫይሮንመንታል ወርኪንግ ግሩፕ» የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ወዲያውኑ ለኤቢሲ ጻፈ። ኤቢሲ አላረመም፤ ይባስ ብሎ ዘገባውን በሐምሌ ደገመው። ነገሩ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሲወጣ ነው የተንቀሳቀሱት። በነሐሴ ስቶሰል በዚያው ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ተመልካቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ኤቢሲ ገሠጸው፤ ዘገባውን ያዘጋጀው ፕሮዲዩሰር ለአንድ ወር ከሥራ ታገደ።

ሁለተኛው በ2007 የሆነው ነው። ሀብታም ሰባኪዎችን የሚነቅፍ ዘገባ ውስጥ የሎስ አንጀለሱ ፓስተር ፍሬድሪክ ፕራይስ ስለ ታላቅ ቤት፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ግል አውሮፕላን «አለኝ» እያለ ሲናገር የሚያሳይ ቁራጭ ገባ። ፓስተሩ ግን ስለራሱ አልነበረም የሚናገረው፤ ሁሉ ኖሮት ደስታ የሌለውን ሰው በምሳሌ እያቀረበ ነበር። ከስብከቱ መሃል ያ ቁራጭ ተቀድዶ ሲወጣ ኑዛዜ መሰለ። ኤቢሲ ማስተባበያ አሰራጨ፤ ፓስተሩም በስም ማጥፋት ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ጣለው፣ ፓስተሩ በእርግጥም ባለጸጋ ስለሆነ የተባለው በመሠረቱ እውነት ነው በሚል ሐሳብ። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ችሎት ግን በ2010 ይህን ሻረ፤ መነጻጸር ያለበት ሰውየው ባለጸጋ መሆን አለመሆኑ ሳይሆን በአፉ የተናገረውና ተናገረ ተብሎ የቀረበው ነው አለ። ይህ ብይን ለማንኛውም የቪዲዮ አዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚገባ ነው።

ሁለቱም ከባድ ጥፋቶች ናቸው። ሁለቱም ግን በአንድ መስፈርት የሚዳኙ ናቸው፦ የተነገረው ሆኗል ወይስ አልሆነም? ምርመራው ተደርጓል ወይስ አልተደረገም? ሰውየው ስለራሱ ተናገረ ወይስ ስለ ሌላ? ይህን ለመዳኘት የስቶሰልን ርዕዮተ ዓለም ማወቅ አያስፈልግም። በጣም ግራ ዘመም የሆነ ዘጋቢም ያልተደረገ ምርመራ ውጤት ቢናገር ጥፋቱ ያው ነው። ተቺዎቹ ግን እነዚህን ሁለት የተረጋገጡ ጥፋቶች ይዘው «አያችሁ፣ አቋም ያለው ሰው ይህን ያደርጋል» ወደሚል አጠቃላይ ክስ ለወጧቸው። የተጣራውን ማስረጃ ላልተጣራ ክስ መያዣ አደረጉት።

ብርቱው መልሳቸው ይህ ነው፦ ስህተቱ ከአቋሙ የመጣ ነው፤ ኦርጋኒክን ስለማይወድ ነው የሚስማማውን ውጤት ሳያጣራ የተቀበለው። ይህ እውነት ይመስለኛል። ሰው ደስ የሚለውን ወሬ አይመረምርም። ነገር ግን ይህ ድካም የስቶሰል ብቻ ከሆነ ነው ክሱ የሚቆመው፤ የሰው ሁሉ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አቋም የሌለው ጋዜጠኛ መፈለግ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው የለምና። መድኃኒቱ ዘገባው ከመውጣቱ በፊት የማይስማማ ሰው እንዲያየው፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ የማይስማማ ሰው እንዲሰማውና የመጠየቅ አቅም እንዲኖረው ማድረግ ነው። በ2000 የመጀመሪያው ተሰናከለ፤ ሁለተኛው ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ስድስት ወር ፈጅቶም ቢሆን፣ ሠራ። የሠራው ስቶሰል ያለበት ጣቢያ የጠላቶቹም ጣቢያ ስለነበር ነው። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ሠራተኞች ኤቢሲን ያያሉ። የኒውዮርክ ታይምስ አንባቢዎች ኤቢሲን ያያሉ። መምህራኑ ሰልፍ የወጡት የሚያዩትና የሚያከብሩት ጣቢያ ስለነበር ነው። ጣቢያው የሁሉም ስለነበር አሳፋሪ ነገር ሲሠራ ያፍር ነበር።

በአገራችን የጥንቱ ሙግት ተከራካሪዎች በላ ልበልሃ እየተባባሉ በአንድ ዳኛ ፊት፣ ሕዝብ በከበበው አንድ አደባባይ ላይ ይቆሙ ነበር። አንዱ ለደጋፊዎቹ በአንድ መንደር፣ ሌላው ለደጋፊዎቹ በሌላ መንደር ቢናገር ሙግት አይባልም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያደረገው ግን ይህን ነው። አየር ላይ የሚወጡ ጣቢያዎች አወዛጋቢ ጉዳዮችን ከተለያየ ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውን ደንብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ1987 ሻረው፤ ከዚያ ወዲህ የአንድ ወገን የሬዲዮ ወሬ ጎረፈ፤ በ1996 ፎክስ ኒውስ፣ በ2007 ፎክስ ቢዝነስ ተከፈቱ። ኬብል መጀመሪያም በዚያ ደንብ ሥር አልነበረም። እያንዳንዱ ወገን የራሱን መንደር አገኘ። ስቶሰል በ2009 ከመንደሮቹ ወደ አንዱ ሲገባ «ቦታውን አገኘ» ብሎ መደሰት፣ አደባባዩ ባዶ መቅረቱን አለማየት ነው።

በፎክስ ቢዝነስ በስሙ የተጠራ ሳምንታዊ ፕሮግራም ከ2009 መጨረሻ እስከ 2016 መጨረሻ መራ። እዚያ ገና ዓመት ሳይሞላው ግንቦት 2010 ላይ የተናገረው ነገር ክርክሬን ከምንም በላይ ያስረዳልኛል። የኬንታኪው የሴኔት ዕጩ ራንድ ፖል ስለ 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሰጠው አስተያየት ወሬ ባስነሳበት ሰሞን፣ ስቶሰል የፎክስ አቅራቢዋ ሜጋን ኬሊ ጋር ቀርቦ ከፖል አልፎ ሄደ። ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ሲኒማ ቤቶች በዘር እንዳያገሉ የሚከለክለው የሕጉ ክፍል ሊሻር ይገባል፣ የግል ንግድ ማንን እንደሚያስተናግድ ራሱ ይወስን፣ ዘረኛውን ደንበኛ በማጣት ገበያው ይቀጣዋል አለ። ኬሊ ራሷ ሞገተችው፤ ይህን ልክድባት አልችልም። ግን የጥቂት ደቂቃ ንግግር ነበር፣ አለፈ። «ከለር ኦቭ ቼንጅ» የተባለው የሲቪል መብቶች ድርጅት ፎክስ እንዲያባርረው ዘመቻ ጀመረ፤ ፎክስ አላባረረውም፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ይህ ሐሳብ ስህተት መሆኑን የማምነው ስለሚያስቆጣኝ አይደለም፤ ታሪክ ስላስተባበለው ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1875 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1883 ሻረው። ከዚያ እስከ 1964 ድረስ ያሉት 81 ዓመታት ገበያው ዘረኛውን እንዲቀጣ የተሰጡት ዓመታት ናቸው። ሊበርታሪያኖች የሚመልሱት መልስ አላቸው፤ በደቡብ ግዛቶች መለያየትን ያስገደደው መንግሥት ነበር ይላሉ፤ ብዙ ቦታ እውነት ነው። ነገር ግን በበርሚንግሃም የነበረው የኦሊ ምግብ ቤት ባለቤት ጥቁሮችን ውስጥ አስቀምጬ አላስተናግድም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሟገተው በራሱ ፍላጎት ነው፤ የአትላንታው «ሃርት ኦቭ አትላንታ» ሞቴል ባለቤትም እንዲሁ፤ ሁለቱም በ1964 መጨረሻ ተረቱ። የመለያየት ሕግ ባልነበረባቸው ሰሜናዊ ከተሞችም ጥቁር መንገደኛ ማደሪያ ይከለከል ነበር። ገበያው ለዚህ ያወጣው መፍትሔ ከ1936 ጀምሮ የታተመው አረንጓዴው መጽሐፍ ነው፤ ጥቁር ተጓዥ የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ነዳጅ መቅዳት እንደሚችል የሚነግር መመሪያ። ዘረኛውን አልቀጣውም፤ እንዴት እንደሚታለፍ አመለከተ እንጂ። በ1961 ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን በመኪና የሚጓዙ አፍሪካውያን ዲፕሎማቶች በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ላይ ካሉ ምግብ ቤቶች ይባረሩ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የቻድ አምባሳደር ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ነገሩ የውጭ ጉዳይ ራስ ምታት ሆነበት። ዛሬ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ኢትዮጵያዊ በፈለገው ምግብ ቤት የሚቀመጠው፣ ራሱም ምግብ ቤት ከፍቶ የፈለገውን ሰው ሁሉ የሚያስተናግደው በዚያ ሕግ ዘመን ነው።

ይህ ሁሉ ስቶሰል ፊት ተዘርግቶ መልስ እንዲሰጥ መጠየቅ ነበረበት፤ አንድ ሙሉ ሰዓት፣ የሲቪል መብቶችን ታሪክ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ የእሱም የተቃዋሚዎቹም ተመልካች በተቀመጠበት። ሐሳቡን በእውነት የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፤ ሊበርታሪያን ሳይሆኑም ገበያው ያስተካክለዋል ብለው የሚያስቡ ሚሊዮኖች አሉ። እነሱ የሰሙት የስቶሰልን አረፍተ ነገርና «ይባረር» የሚለውን ጥሪ ብቻ ነው። ከ1883 እስከ 1964 ስላለው ዘመን የነገራቸው የለም። ማባረር የሰውየውን ወንበር ይወስዳል፤ ሐሳቡን አይነካውም። ተባሮ እንኳ ቢሆን ሐሳቡ ሳይረታ፣ ሰማዕት ሆኖ በወጣ ነበር።

ይህን ስል ማንም የፈለገውን ያለ መልስ ይናገር ማለቴ እንዳይመስል። በተቃራኒው፣ ስቶሰል ከሚገባው ያነሰ ነው የተሞገተው እያልኩ ነው። የአንድ ጣቢያ ኃላፊ ብሆን፣ የሊበርታሪያን ዘገባዎቹን እቀበል ነበር፤ ግን ከእያንዳንዱ ዘገባ ጀርባ እሱን የማይወድ አዘጋጅ አስቀምጥ ነበር፣ ጥሬ ምርመራ ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሚያነብ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት የሚመልስለት ሰው እጋብዝ ነበር። ኤቢሲ ያላደረገው ይህን ነው፤ አቋም ያለውን ሰው አስገባ፣ ተቃራኒ አቋም ያለውን ግን አጠገቡ አላስቀመጠም፤ ስህተት ሲመጣ ተደናገጠ፤ በመጨረሻ ሰውየው ሲሄድ ደግሞ አልተተካም። ስቶሰል ከሄደ በኋላ በትልቁ ጣቢያ የምሽት ፕሮግራም ላይ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን በዚያ ድፍረት የሚመረምር ሰው አልመጣም።

የፎክስ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ስቶሰል በ2019 የራሱን ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ማሰራጨት ጀመረ። በ2021 ፌስቡክንና ከእሱ ጋር የሚሠሩ የመረጃ አጣሪ ድርጅቶችን በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ የአየር ንብረት ጉዳይን በሚነኩ ቪዲዮዎቹ ላይ አሳሳች ናቸው የሚል ምልክት ለጠፉብኝ ብሎ። የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 ክሱን ውድቅ አደረገው። የግል ድርጅት በራሱ ቤት የፈለገውን ይወስን ሲል የኖረ ሰው ይህን ክስ ማቅረቡ ከገዛ ትምህርቱ ጋር የሚጋጭ ነው፤ በዚህም ሊጠየቅ ይገባል። ግን ደግሞ የደረሰበትን ቦታ እንይ። ቪዲዮው ላይ የተለጠፈው ምልክት ክርክር አይደለም፤ የለጠፈው ሰው ፊቱ አይታይም፣ ስቶሰልም አይመልስለትም፣ ቪዲዮውን የሚወደው ተመልካች ምልክቱን ሳያነብ ያልፈዋል፣ የማይወደው ደግሞ መጀመሪያውኑ አይከፍተውም።

የ2000ው ይቅርታ የተሰማው ስህተቱ በተሰማበት ፕሮግራም፣ በዚያው አቅራቢ አንደበት፣ ለዚያው ተመልካች ነበር። ኦርጋኒክ የሚገዛውም፣ ኦርጋኒክ የሚገዛውን ሞኝ የሚለውም አብረው ሰሙት። ዛሬ ስቶሰል ያልተመረመረ አትክልት ተመረመረ ቢል፣ ስህተቱን የሚያገኘው ሰው እንዲታረም ብሎ የሚጽፍለት አዘጋጅ፣ የሚያፍር ጣቢያ፣ የሚያግድ አለቃ የለም። ከኤቢሲ በመውጣቱ ድል ያገኙ የመሰላቸው ተቺዎች ያፈረሱት ራሳቸው አንድ ጊዜ ያሸነፉበትን ይህንኑ ችሎት ነው።